በየት በኩል እንሻገር? አራት ረጃጅም የተራራ ጉዞዎች ሲነጻጸሩ

ድንኳን ይዞ ከፍ ያለ ተራራ ማቋረጥ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ስንት ሜትር ነው?» ይለኛል። ጥያቄውን አልነቅፍም። እኔም ስጀምር የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ግን ጫፉ ላይ የምንቆየው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ፎቶ እንነሳለን፣ ነፋሱ ይገርፈናል፣ እንወርዳለን። ሌሊቱን የምናድረው ሌላ ቦታ ነው። ሰው በአብዛኛው የሚታመመው ደግሞ እዚያው ባደረበት ነው።

ስለዚህ መንገድ ስመርጥ ሁለት ጥያቄ አስቀድማለሁ። በየሌሊቱ ስንት ሜትር ላይ ነው የምንተኛው? ከመካከላችን አንድ ሰው ቢታመምስ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ይወርዳል? ውበቱ፣ ዝናውና የመሻገሪያዎቹ ብዛት ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

እዚህ የማነጻጽረው አራት ጉዞዎችን ነው፦ የፔሩን ዋይዋሽ፣ የፓኪስታኑን ጎንዶጎሮ ላ፣ የኔፓሉን ላይኛው ዶልፖ እና የቡታኑን ስኖውማን። አራቱም ድንኳን ይፈልጋሉ። አራቱም 5,000 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያሉ በሮችን ያቋርጣሉ። አራቱም በአብዛኛው ከመኪና መንገድ ይርቃሉ። በቀረው ነገር ግን እጅግ ይለያያሉ።

«በር» ያልኩት በሁለት ተራራ መካከል ያለችውን መሻገሪያ ነው። በሂማላያና በካራኮራም ስሞች መጨረሻ ላይ የምታዩት «ላ» ያው በር ማለት ነው፤ ከቲቤት ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። በፔሩ ደግሞ «ፑንታ» ይሉታል። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ መኝታ ከፍታ

5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያም እዚህም 21 በመቶ ነው። ነገር ግን አየሩ ስለሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በግማሽ ይቀንሳል። ሰውነት ይህን መልመድ ይችላል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ኩላሊት ሥራውን ያስተካክላል፣ ቀይ የደም ሴል ይበዛል። ይህ ሁሉ ግን ቀናት ይፈጃል፤ በጉልበት አይፋጠንም።

ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ስንተኛ ትንፋሻችን ይቀንሳል፣ ይቆራረጣልም። ቀኑን ደህና ሲስቅ የዋለ ሰው ሌሊት ራሱን ይዞ የሚነሳው ለዚህ ነው። የተራራ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ ስንሆን የመኝታ ከፍታችንን በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳንጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ከፍታ ላይ እንድናርፍ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር ይጠቅማል።

ከ2,000 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀለዋል። ከ4,000 ሜትር በኋላ ግን ይህ ዋስትና አይሆንም። ስፖርተኛ መሆንም ዋስትና አይደለም። እንዲያውም ጠንካራው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቶሎ ሲታመም ይታያል።

ዋይዋሽ፦ መውጫው ቅርብ የሆነው

ዋይዋሽ በፔሩ አንዲስ ውስጥ ያለ ትንሽ ግን ሹል የተራራ ሰንሰለት ነው። መንገዱ ሰንሰለቱን ዙሪያውን ይዞራል። እንደምትመርጡት አቅጣጫ ከ110 እስከ 130 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከ8 እስከ 12 ቀን ይወስዳል። ከተራሮቹ ትልቁ ዬሩፓሃ ነው፣ ከ6,600 ሜትር በላይ። ከጎኑ ሲዩላ ግራንዴ አለ። በ1985 ጆ ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ ከዚህ ተራራ ሲወርድ እግሩ ተሰብሮ፣ ገመዱ ተቆርጦ፣ ገደል ውስጥ ወድቆ ከቀናት በኋላ እየዳኸ ካምፑ የደረሰው እዚህ ነው። እኛ የምንሄድበት መንገድ የተራራ ወጪዎች መንገድ አይደለም። በረዶ ላይ አንረግጥም፤ ገመድም አያስፈልግም። ከፍተኛዎቹ በሮች፣ ማለትም ኩዮክና እንደ አማራጭ የሚወጣው ሳን አንቶንዮ፣ 5,000 ሜትር አካባቢ ናቸው።

የዋይዋሽ ችግር መጀመሪያው ላይ ነው። ዋና መነሻው ዋራዝ ከተማ 3,050 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በመኪና በጥቂት ሰዓት ኳርቴልዋይን ይደረሳል። የመጀመሪያው ካምፕ እሱ ነው፤ 4,170 ሜትር አካባቢ። በአንድ ቀን 1,100 ሜትር ማለት ነው። ያውም ቁጭ ብሎ።

እኔ ይህን የተማርኩት በከባዱ መንገድ ነው። ከሊማ፣ ከባሕር ዳርቻው፣ በአውቶቡስ ወጥተን ዋራዝ ሁለት ሌሊት ብቻ አደርን። በሦስተኛው ቀን ኳርቴልዋይን ላይ ድንኳን ተከልን። ማታ ባልደረባዬ ሾርባውን ሁለት ጊዜ ከቀመሰ በኋላ ሳህኑን አስቀመጠው። «ጨው በዝቶበታል» አለኝ። ጨው አልበዛበትም ነበር፤ እኔ ከዚያው ድስት ነው የበላሁት። ከዚያ የጫማውን ክር መፍታት አቃተው። ጣቶቹ ክሩን ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። ያን ሳይ ሾርባውን ተውኩት። ያመጣን መኪና ገና አልተመለሰም ነበርና በዚያው ሌሊት ወደ ዋራዝ ወረድን። መንገድ ላይ ከ3,500 ሜትር ዝቅ ስንል መናገር ጀመረ። ጥፋቱ የኛው የራሳችን ነው፤ ያጠፋነውም በመንገዱ ሳይሆን በአቆጣጠራችን ነበር።

አራት ቀን ዋራዝ አረፍን። ቀን ቀን ወደ ሐይቆቹ፣ እስከ 4,400 እና 4,600 ሜትር እየወጣን ማታ ተመልሰን አደርን። ከዚያ እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ጊዜ ሁለታችንም ዙሪያውን ጨረስን። ስለዚህ ዋይዋሽን ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው፦ ለጉዞው 10 ቀን ካላችሁ ለዋራዝ 5 ቀን ጨምሩ። 5 ቀን የሌለው ሰው ለጊዜው ሌላ መንገድ ይፈልግ።

ይህን ካደረጋችሁ ግን ለጀማሪ ከአራቱ ይህን አስቀድማለሁ። ካምፖቹ በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 4,500 ሜትር ባለው ውስጥ ናቸው። በመንገዱ መካከል በስተምዕራብ ዋይያፓ የምትባል መንደር አለች። 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመኪና መንገድም ይደርሳታል። የደከመው እዚያ ይወጣል። ጊዜ የሌለውም እስከዚያ ብቻ መሄድ ይችላል። ጓዝ የሚጭኑት አህዮች ናቸው። ለታመመ ሰው የሚቀመጥበት ፈረስ ይዘው የሚሄዱ ነጂዎችም አሉ። ያ ፈረስ ዋጋው ትንሽ ነው፤ አትቀንሱት። መንገዱ የሚያልፍባቸው መንደሮች እያንዳንዳቸው ክፍያ ይቀበላሉ፤ የፔሩን ገንዘብ ሶልን በዝርዝር ያዙ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

የደረቁ ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም መግቢያ ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ውርጭ። ካርዋኮቻ ሐይቅ ዳር ባደርንበት ሌሊት ከንጋት በፊት ነቃሁ። የድንኳኑ ጣሪያ ከውስጥ በኩል ነጭ ሆኗል። የሁለታችን ትንፋሽ ነው፣ ረግቶ። ዚፑን ስስበው ያ ሁሉ ፊቴ ላይ ረገፈ። ከራስጌዬ ያስቀመጥኩት ኮዳ ድንጋይ ሆኗል። ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) ውስጥ፣ እግሬ ስር ያስገባሁት ግን አልረጋም ነበር። ወጥቼ ቆሜ ስጠጣ የዬሩፓሃ ጫፍ ብቻ ቀልቶ፣ ሐይቁ ገና ጥቁር ነበር።

ጎንዶጎሮ ላ፦ ቀስ ብሎ የሚያወጣ፣ በመጨረሻ የሚፈትን

ይህኛው ከዋይዋሽ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። መጀመሪያው ደግ ነው። መጨረሻው ግን ቀልድ አያውቅም።

መነሻው ስካርዱ የምትባል የሰሜን ፓኪስታን ከተማ ናት። ከዚያ በጂፕ አስኮሌ ይደረሳል፤ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የመጨረሻው መንደር። ከዚያ በኋላ ባልቶሮ የሚባለውን የበረዶ ግግር ተከትሎ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ግግሩ 63 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ፓይጁ 3,400፣ ኡርዱካስ 4,000፣ ከዚያ ኮንኮርዲያ 4,600 ሜትር ገደማ። ይህን ሁሉ በሰባትና በስምንት ቀን፣ በእግር፣ ቀስ እያሉ ይወጡታል። ለሰውነት ከዚህ የተሻለ አወጣጥ ከአራቱ መንገዶች በአንዱም የለም።

ኮንኮርዲያ ትላልቆቹ የበረዶ ግግሮች የሚገናኙበት ነው። ከዚያ ቆሞ 8,611 ሜትር የሚሆነው ኬ ቱ ሙሉ በሙሉ ከእግሩ እስከ ራሱ ይታያል። በ1954 ሁለቱ ጣሊያኖች፣ ሊኖ ላቼዴሊና አኪሌ ኮምፓኞኒ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ የወጡት በዚህ በኩል አልፈው ነው። ብሮድ ፒክና ጋሸርብሩም የሚባሉት ተራሮችም እዚያው ዙሪያ ናቸው።

ድንኳኑን የምትተክሉት መሬት ላይ አይደለም። ድንጋይ ላይ ነው፤ ከድንጋዩ ስር በረዶ አለ። ካስማ አይገባም። ስለዚህ ያለ ካስማ ራሱን ችሎ የሚቆም ድንኳን ያስፈልጋል፤ ገመዶቹም በድንጋይ ይታሰራሉ። ሌሊት ከስር በረዶው ሲሰነጠቅ ይሰማል። ከስር የሚመጣው ቅዝቃዜ ከላይኛው ይብሳል፤ እዚህ ላይ ወፍራም ፍራሽ ከወፍራም ጃኬት ይበልጣል።

ከኮንኮርዲያ በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ በመጡበት መመለስ ነው። ሌላው ወደ አሊ ካምፕ፣ ወደ 5,000 ሜትር ወጥቶ ጎንዶጎሮ ላን መሻገርና በሌላው ወገን ሁሼ ወደምትባል መንደር መውረድ። በሩ 5,600 ሜትር ገደማ ነው። የሚወጣው በእኩለ ሌሊት ተነስቶ ነው፤ ምክንያቱም ፀሐይ ካረፈችበት በኋላ ድንጋይም በረዶም መውረድ ይጀምራል። ክራምፖን (ጫማ ስር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት) ያስፈልጋል፣ ገመድ የሚያያዝበት የወገብ መታጠቂያም። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ በየወቅቱ የሁሼ ሰዎች የሚያስሩት ገመድ አለ። መውጣቱ ከባድ ነው፤ መውረዱ ግን ይብሳል። በደከመ ጉልበት፣ በጨለማ፣ ቁልቁል፣ ገመድ ይዞ።

ከዚህ በፊት ክራምፖን አድርጎ ያልሄደ ሰው እዚህ ላይ ሊማር አይገባም። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ኮንኮርዲያ ደርሶ መመለስ ግማሽ ጉዞ አይደለም። እጅግ ትልቅ ጉዞ ነው። በሩን ሳይሻገር የተመለሰ ሰው ከኬ ቱ አንዲት ነገር አላመለጠውም።

መውጫውስ? ደካማ ነው። ኮንኮርዲያ ላይ የታመመ ሰው በግግሩ ላይ ለቀናት ወደ ኋላ መራመድ ወይም ሸክም መሆን አለበት። ሄሊኮፕተር የጦር ሠራዊቱ ነው፤ የክፍያ ዋስትና ሳይቀርብ አይነሳም። ይህን ዋስትና ከአገር ሳትወጡ ከመድን ድርጅታችሁና ከአዘጋጁ ጋር በጽሑፍ ጨርሱ። ወቅቱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው። ፈቃድና ፈቃድ ያለው መሪ ግዴታ ናቸው።

ላይኛው ዶልፖ፦ ሰው የሚታይበት መንገድ

ዶልፖ የቲቤት ባህል ያለበት የኔፓል ምዕራባዊ ጥግ ነው። ለውጭ ሰው መከፈት የጀመረው በ1989 ነው፤ ላይኛው ክፍል ዛሬም በልዩ ፈቃድና በመሪ ብቻ የሚገባበት ነው። ፈቃዱ ርካሽ አይደለም።

ሌሎቹን መንገዶች የሚመርጥ ሰው በረዶና ጫፍ ፈልጎ ነው። ዶልፖን የሚመርጥ ግን ሰው ፈልጎ ቢሄድ ይሻለዋል። ገብስ የሚያጭዱ መንደሮች አሉ። በያክ (ጸጉራሙ የደጋ በሬ) እና በበቅሎ ጭነት የሚያመላልሱ ነጋዴዎች መንገዱ ላይ ይገናኛሉ፤ በግራ በኩል ቆማችሁ ታሳልፋላችሁ፣ ወይም በቀኝ፣ ብቻ በገደሉ በኩል አትቁሙ። የያክ ጭነት ሰውን ገፍቶ ሲጥል ተሸካሚው አያውቀውም።

ጉዞው በትንሽ አውሮፕላን ከኔፓልገንጅ ወደ ጁፋል ይጀምራል። ጁፋል 2,475 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በረራው ጧት ብቻ ነው፤ ደመና ወይም ነፋስ ከመጣ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያም በመጨረሻም ሁለት ሁለት የትርፍ ቀን ያዙ። ከዚያ ወደ ፎክሱንዶ ሐይቅ፣ 3,600 ሜትር ገደማ፣ በጥቂት ቀን ይወጣል። ሐይቁ ጥልቀቱ 145 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ቀለሙን ቆሜ አይቼ ለመግለጽ አቅቶኛል። እስከዚህ ድረስ አወጣጡ ጤናማ ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ከሐይቁ በኋላ ነው። ከ3,600 ወደ 4,500 ሜትር አካባቢ ወዳለ ካምፕ፣ ከዚያ 5,300 ሜትር የሚያልፈውን ካንግ ላን ተሻግሮ ወደ ሼ ገዳም ይወረዳል። ብዙ አዘጋጆች ይህን በሁለት ሌሊት ያልፉታል። እኔ ሐይቁ ዳር አንድ የዕረፍት ቀን፣ ከሐይቁ በላይም አንድ መካከለኛ ካምፕ እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። ጠይቁ፤ ይጨምራሉ።

የዶልፖ ሌላው ጥቅም ወቅቱ ነው። ዳውላጊሪ የሚባለው ግዙፍ ተራራ ዝናቡን ከደቡብ ያግዳል። ስለዚህ ሌላው ኔፓል በክረምት ዝናብ ሲጥለቀለቅ ዶልፖ በአመዛኙ ደረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ዕረፍት የሚያገኝ መምህር ወይም ተማሪ ከሆናችሁ ይህን አስቡበት። ሙሉው መንገድ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ታችኛው ዶልፖ ደግሞ አጠር ይላል፤ ኑማ ላ እና ባጋ ላ የሚባሉ ከ5,000 ሜትር በላይ የሆኑ ሁለት በሮች አሉት። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ብቻ ላለው ሰው እሱን እመርጥለታለሁ።

ስኖውማን፦ በር የሚዘጋበት

ስኖውማን በቡታን ሰሜን፣ ከቲቤት ድንበር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። 25 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ እንደ መውጫው ከዚያም ይበልጣል። ርዝመቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአሥር በላይ በሮች አሉት፤ ከፍተኛው ሪንቼን ዞ ላ ከ5,300 ሜትር ያልፋል። በመንገዱ ላይ 7,570 ሜትር የሆነው ጋንግካር ፑንሱም ይታያል። በዓለም ላይ ሰው ካልወጣባቸው ተራሮች ትልቁ እሱ ነው። ቡታን ተራራ መውጣትን ከ2003 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ስለከለከለች እንዲሁ እንደተከበረ አለ።

በመኝታ ከፍታ ብቻ ብንመዝነው ስኖውማን አስደንጋጭ አይደለም። ከፓሮ ሸለቆ ተነስቶ በአራተኛው ቀን ገደማ ጃንጎታንግ፣ 4,080 ሜትር አካባቢ፣ ይደረሳል፤ እዚያ ይታረፋል። ከዚያ ወደ ላያ መንደር፣ 3,800 ሜትር፣ ይወረዳል። ሰውነት ይለምዳል።

የሚያስፈራው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። መውጫው የት ነው? ከላያ በኋላ ሉናና ወደሚባለው ገለልተኛ አካባቢ ሲገባ በፊትም በኋላም ያሉት በሮች ከፍተኛ ናቸው። ከባድ በረዶ አንድ ጊዜ ከጣለ ሁለቱም ይዘጋሉ። የሉናና ሰዎች ራሳቸው የበረዶው ወራት ሳይገባባቸው ወደ ቆላው ፑናካ የሚወርዱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ቡታን የማዳኛ ሄሊኮፕተር አላት፤ ነገር ግን በዚያ ከፍታና በዚያ ደመና ውስጥ የሚበረው አየሩ ሲፈቅድ ነው። ሉናና ውስጥ ውሃም ያስፈራል። ኦክቶበር 1994 ሉግዬ የተባለው የበረዶ ግግር ሐይቅ ግድቡን ጥሶ ጎርፉ እስከ ፑናካ ወርዶ 21 ሰው ገድሏል።

ወቅቱ ጠባብ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በረዶው ሳይጀምር፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ። ከዚያ በፊት ጭቃና አልቅት ነው። ከዚያ በኋላ ቁማር ነው።

ወጪውም ግልጽ ነው። ቡታን ከአዋቂ እንግዳ በአዳር 100 ዶላር የልማት ክፍያ ትቀበላለች፤ ከሴፕቴምበር 2023 በፊት 200 ነበር። 25 አዳር 2,500 ዶላር ማለት ነው፤ የመሪው፣ የበቅሎው፣ የምግቡ ሒሳብ ከዚህ ሌላ ነው።

ስለዚህ ስኖውማንን ሁለተኛ ጉዟችሁ አታድርጉት። በሌላ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከ4,000 ሜትር በላይ አድራችሁ ሰውነታችሁን ካወቃችሁ በኋላ ሂዱ። ቡታንን ለማየት የቸኮላችሁ ከሆነ የጆሞልሃሪ ጉዞ አለላችሁ። አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ካምፖች ከስኖውማን ጋር አንድ ናቸው። የምትመለሱትም ዝግ በር ሳይከለክላችሁ ነው።

ራሳችሁ ተሸክማችሁ ወይስ በአጋሰስ?

ይህ ምርጫ በተግባር ያለው ዋይዋሽ ላይ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ሦስቱ መሪ ግዴታ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የደረቀ ምግብ በቀን 700 ግራም ቢሆን ለ10 ቀን 7 ኪሎ ነው። ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ልብስ፣ ምድጃና ጋዝ ሲደመር 20 ኪሎ ይጠጋል። 20 ኪሎ ይዞ 4,700 ሜትር ላይ መውጣት ይቻላል፤ ግን ለመታመም የሚተርፍ አቅም አይኖርም። ነጻነቱ ደስ ይላል፤ አልክደውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን አህያ ተከራዩ።

ስለ ምድጃ አንድ ቃል። 5,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 83 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ምስር አይበስልም። በውሃ የሚርስ ምግብ ያዙ፣ ወይም የግፊት ድስት ያለው ወጥ ቤት ይኑራችሁ። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን አይፈቀድም፤ መዳረሻ ከተማው ላይ ግዙ። ስትገዙም ፕሮፔንና አይሶቡቴን የተቀላቀለበትን ምረጡ፤ ተራ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል።

ስሊፒንግ ባግ ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር ይጻፋል። የምትመለከቱት «ኮምፎርት» የሚለውን ነው፤ «ሊሚት» የሚለው የመትረፊያ ቁጥር ነው ብላችሁ ያዙት። ለዋይዋሽ ኮምፎርቱ ከዜሮ በታች 10፣ ለኮንኮርዲያና ለስኖውማን ከዜሮ በታች 15 ወይም 20 ቢሆን እመርጣለሁ። የፍራሹ አር ቫልዩ፣ ማለትም ከስር የሚመጣውን ቅዝቃዜ የመከላከል አቅሙ፣ ከ5 አይነስ።

ከታመመ ሰው ጋር ስትሆኑ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለ ዛሬ አትውጡ። እዚያው እደሩ። ሰውየው በቀጥታ መስመር ላይ መራመድ ካቃተው፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተኝቶም ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ነገ ጧት አይጠበቅም። አሁኑኑ፣ በጨለማም ቢሆን፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር ይውረድ። የጫማ ክር መፍታት አለመቻልም ከዚሁ ወገን ነው።

አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ማላመዱን ያግዛል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዴክሳሜታዞን ግን ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ አያላምድም፤ የሚዋጠው ለመውረድ እንጂ ወደ ላይ ለመቀጠል አይደለም። መድንም ስትገዙ የከፍታ ጣሪያውን አንብቡ። ብዙዎቹ ከ4,000 ወይም ከ4,500 ሜትር በላይ አይከፍሉም።

አዘጋጁን የምጠይቀው

ለየትኛውም መንገድ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት አንድ ነገር ብቻ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ የእያንዳንዱን ሌሊት የካምፕ ከፍታ። ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች እጽፈዋለሁ። በጎኑ ልዩነቱን አሰላለሁ። 3,600፣ 4,500፣ 4,350፤ ይኼ ዶልፖ ነው። በመካከሉ 900 የሚል ቁጥር አለ። በዚያ ቁጥር ላይ ክብ አደርግና «እዚህ ላይ አንድ ሌሊት ጨምሩልኝ» ብዬ እልካለሁ።

አዘጋጁ «ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚሄደው» ብሎ ከመለሰልኝ ሌላ አዘጋጅ እፈልጋለሁ። «እንጨምራለን፣ ይህን ያህል ያስከፍላል» ካለኝ እከፍላለሁ። በቡታን ያ አንድ ሌሊት 100 ዶላርና የበቅሎዎቹ ቀለብ ነው።